የሚተነፍሱ በርሜሎች

«ውሃውን አንተ አልጨመርክም፤ አይደል?» አሉ እትዬ በዛወርቅ ከግድግዳው ማዶ። ገና በወጉ አልነጋም። የሚጠይቁት ሠላሳ አንድ ዓመት አብረዋቸው የኖሩትን ባላቸውን ነው።

አሞጽ መልሱን ለመስማት ብርድ ልብሱን ከጆሮው ላይ ገለጥ አደረገ። የመጣው የጋሽ ሀብተ ማርያም ሳል፣ ቀጥሎም የላስቲክ ቦት ጫማ ሲጎተት ነው። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ጭቃው ላይ ጋዜጣ፣ ጋዜጣው ላይ ደግሞ አሞጽ ቲያንጂን በምትባል የቻይና ከተማ በሞተር ምህንድስና ሲመረቅ የተነሳው ፎቶግራፍ ተለጥፏል። ሦስቱም ተደራርበው የአንድ ሹክሹክታ ያህል ድምፅ አያግዱም። ጋሽ ሀብተ ማርያም አጎቱ ናቸው፤ ያሳደጉት፣ ያስተማሩት፣ ከቻይና ሲመለስም «ለሁለት ወር ነው» ብሎ የገባባትን ይህችን ጓዳ የለቀቁለት እሳቸው ናቸው። ሁለቱ ወር ሁለት ዓመት ሆኖታል። ፓስፖርቱ እስካሁን ከጃኬቱ የውስጥ ኪስ አልወጣም።

ውሃው የተገኘው መኪና ውስጥ ነው። የገጠር ተደራሽነት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ያለችው አንዲት ላንድ ክሩዘር ናት፤ የሚነዷትም ጋሽ ሀብተ ማርያም ናቸው። የዛሬ ዐሥራ አንድ ቀን ከዋጫ ወደ ቦንጋ ስትመለስ ሁለት ሦስቴ አስነጠሳት፣ ነጭ ጭስ ተፋች፣ ከዚያ መንገድ መሃል ቀጥ አለች። ነገሩ ይኸው ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም ጉዳዬ ባላለው ነበር። ችግሩ የኋላ ወንበር ላይ ከክልል የመጡ እንግዳ ነበሩ። ስለ ገጠር ተደራሽነት ሪፖርት ሊያዳምጡ የመጡት እኚህ ሰው ሦስት ሰዓት ሙሉ የእንሰት ቅጠል ተከናንበው ዝናብ ውስጥ ቆመው ገጠሩ ምን ያህል እንደሚደረስበት በዓይናቸው አዩ። ፊልትሮው ሲፈታ ውሃ ወረደ። ጽሕፈት ቤቱም በዚያው ዕለት፣ የእንግዳው ካፖርት እንኳ ሳይደርቅ፣ ምርመራውን ጨረሰ፤ ሹፌሩ ናፍጣውን ሸጦ ጎዶሎውን በውሃ ሞልቶታል። ዛሬ ከሰዓት ግምገማ አለ። ግምገማው ሌብነት ነው ካለ፣ ሰባት ወር የቀረው ጡረታ ቀርቶ ፋይሉ ፖሊስ ጣቢያ ይሄዳል።

የሚያስቀው፣ አስረጂ ባለሙያ ሆኖ የተጠራው አሞጽ ነው። በከተማው ናፍጣ ሲነድ በመስታወት አይቻለሁ የሚል ሌላ ሰው የለም። ቲያንጂን ጎኑ መስታወት የሆነ ሞተር ነበራቸው፤ ናፍጣው እንደ ጉም ሲረጭ፣ ጉሙ ሲለኮስ፣ እሳቱ ፒስተኑን ወደ ታች ሲገፋው ሦስት ዓመት ተቀምጦ ተመልክቷል። «የተከሳሹ የእህት ልጅ ነኝ እኮ» ብሎ ለኃላፊው ለአቶ ደጉ ሲነግራቸው፣ አቶ ደጉ እጃቸውን አወናጨፉ። «ሳይንስ ዘመድ የለውም፣ ኢንጂነር» አሉት። ለሙያ አበል የተያዘ በጀት እንደሌለ ግን አልነገሩትም።

ቁርስ ላይ ማንም ስለ ውሃ አላነሳም። እትዬ በዛወርቅ ስለ ቅቤ አወሩ። ቅቤ ኪሎው መቶ ሃያ ገብቷል፤ ባለፈው ቅዳሜ መቶ አምስት ነበር፤ ከቢታ ገነት የሚመጡት ነጋዴዎች ሙዝ ቀላቅለውበት እንደሁ ማን ያውቃል። «ቀላቅለውበት» ሲሉ ድንገት አፋቸውን ያዙ። ጋሽ ሀብተ ማርያም ጎመኑን በቆጮው እየጠቀለሉ በሉ። አሞጽ «ጋሼ፣ አይዞዎት፣ እውነቱን አወጣዋለሁ» ሊል አስቦ ነበር። ግን አጎቱ ቀና ብለው አዩት፤ በዓይናቸው ውስጥ ያለው ነገር ልመናም ተስፋም አልሆነለት። ይልቅስ አንድ ነገር እንዳይነግሩት የሚጠነቀቁ ሰው ዓይን ይመስላል። ሻዩን ጨለጠና ወጣ።

ያን ቀን ነሐሴ ተሳስቶ ፀሐይ አወጣ። ወደ ላይኛው ሰፈር የጫነችው ባጃጅ ዳገቱ ላይ ስታቃስት አሞጽ ካንዴላዋ መቀየር እንዳለበት ለነጂው ልጅ ሊነግረው ፈልጎ ነበር፤ ልጁ ግን ሁለት ብር ተቀብሎ ዘፈኑን ከፍ አደረገ። በጽሕፈት ቤቱ ግቢ ውስጥ የንብረት ክፍሏ የምሥራች ቁልፎቿን እያንቃጨለች ጠበቀችው። ላንድ ክሩዘሯ ዋንዛ ሥር ቆማለች። አሞጽ ቦኔቱን ከፈተ፣ ከፊልትሮው ሥር ያለችውን ቡሎን አላላ፣ የወረደውን በሻይ ብርጭቆ ተቀበለ። ብርጭቆው ውስጥ ከላይ ወርቃማ ናፍጣ፣ ከታች ጥርት ያለ ውሃ ተደላድለው ተቀመጡ፤ መሃላቸው በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል።

«እና ውሃ ስለገባ ነው ያልነሳችው?» አለች የምሥራች።

«ውሃው ፖምፓውን በልቶት ነው። የናፍጣ ፖምፓ ሌላ ዘይት የለውም፤ የሚያለሰልሰው የሚገፋው ናፍጣ ራሱ ነው። ውሃ ሲገባበት ብረት ከብረት ይፋጫል፣ ይዝጋል። ከዚያ ናፍጣውን እንደ ጉም መርጨት ትቶ እንደ ሕፃን ያንጠባጥባል።»

«ካንዴላው አያቀጣጥለውም?»

«ናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም።»

«ታዲያ እሳቱን የሚጭርለት ማን ነው?»

«ማንም። ፒስተኑ አየሩን ሃያ እጥፍ ያምቀዋል። አየር ሲታመቅ ይግላል። የጋለው ላይ ናፍጣ ሲረጭ በራሱ ጊዜ ይነድዳል።»

የምሥራች ዞር ብላ የኃላፊውን መስኮት አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ታምቆ ታምቆ በራሱ ጊዜ ይነድዳል በለኛ። ይህን ከሰዓት ስብሰባው ላይ እንዳትደግመው።»

አሞጽ ሳቀ። ቀጥሎ «ናፍጣው የሚቀዳው ከየት ነው?» አላት፤ እሷም በአገጯ አሳየችው። ከመጋዘኑ ጎን፣ ጣራ በሌለው የሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ቢጫ ቀለም የተቀቡ አራት በርሜሎች እንደ ሰልፈኛ ወታደር ቀጥ ብለው ቆመዋል። እያንዳንዱ ላይ ቁጥር ተጽፎበታል። ዙሪያቸው ላይ ነጭ መስመር ተሰምሯል። ወደ አንደኛው ተጠጋ። የበርሜሉ አናት ዙሪያውን ከንፈር አለው፤ ከንፈሩ ውስጥ የሌሊቱ ዝናብ ጣት የሚያጠልቅ ኩሬ ሠርቷል፤ ከኩሬው ግርጌ፣ ውሃ ውስጥ ሰጥመው፣ የበርሜሉ ሁለት ክዳኖች አሉ። የአንዷ ክዳን ላስቲክ ተሰነጣጥቋል።

እዚያው ላይ ገባው። በርሜል ቀን በፀሐይ ሲግል ውስጡ ያለው አየር አብጦ በክዳኗ ስንጥቅ ይወጣል። ዝናብ ወርዶበት ሲቀዘቅዝ አየሩ ይኮማተራል፣ የጎደለውን ለመሙላት ይስባል፤ አፉ ላይ ያለውን ይስባል ማለት ነው። አፉ ላይ ያለው ኩሬ ነው። በቀን አንዴ ትንፋሽ፣ በትንፋሹ አንድ ስኒ ውሃ። ይህን ለመረዳት ቲያንጂን መሄድ አያስፈልግም ነበር፤ እንዲያውም ቲያንጂን ያልሄደ ሰው ሳይሻል አይቀርም። እዚያ ነዳጅ የሚመጣው ከግድግዳ በወጣ ቱቦ ነበር።

«ማነው በርሜሎቹን ያቆማቸው?» አለ አሞጽ፣ በሙያ ቁጣ።

የምሥራች ትክ ብላ አየችው። እጁን ይዛ ወደ ኮሪደሩ አስገባችው። ግድግዳው ላይ፣ ከዋንጫው መደርደሪያ በላይ፣ በመስታወት የተገጠመ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። አራት ቢጫ በርሜሎች ቆመዋል፤ ከፊታቸው፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ አንድ እጁን በርሜል ቁጥር አንድ ላይ ጣል አድርጎ የሚስቀው አሞጽ ነው። ከሥሩ «ከካይዘን ትግበራ በኋላ» ይላል። ከጎኑ «ከትግበራ በፊት» የሚለው ፎቶ አለ፤ እዚያ ላይ በርሜሎቹ ሁለት ግንድ ላይ በጎናቸው ተጋድመው፣ ጭቃ የነካካቸው፣ ያፈሩ ይመስላሉ። ካይዘን የተባለው የጃፓኖች የሥራ ቦታ አደረጃጀት የመጣው የዛሬ ዘጠኝ ወር ነው። አሞጽ ራሱ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ እያለ ሠራተኞቹን ሦስት ቀን አሠልጥኖ፣ ምስክር ወረቀት አድሎ፣ ጽሕፈት ቤቱም በዚህ ፎቶ ከዞኑ አንደኛ ወጥቶ ዋንጫ ተሸልሟል።

ጋሽ ሀብተ ማርያምን ከዋንዛው ሥር፣ መኪናቸው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። ጨርቅ ይዘው መስታወቱን ይወለውላሉ፤ የማትነሳ መኪና መስታወት።

«ጋሼ፣ በርሜሎቹ ናቸው» አላቸው።

«አየኸው?»

«ያውቁ ነበር?»

«ሃያ ስምንት ዓመት በርሜል ሳስተኛ የኖርኩ ሰው ነኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

አጎቱ ጨርቁን አጠፉ፣ ደግመው አጠፉ። «ነግሬሃለሁ። ሥልጠናው ላይ እጄን አውጥቼ በርሜል ይተኛል እንጂ አይቆምም ስል፣ ጋሼ ይሄ የቆየ አስተሳሰብ ነው አልከኝ። ሰውም ሳቀ። አንተም ሳቅክ።» ከዚያ፣ ይቅርታ የጠየቁ ያህል ድምፃቸውን ለስልሰው፣ «ደስ ብሎህ ነበር፤ ልጄ በሰው ፊት ሲያስተምር ያየሁት ያን ቀን ነው» አሉት። አሞጽ ነገሩን ለማስታወስ ሞከረ። ሥልጠናውን ያስታውሳል፣ የተበላውን ቂጣ ያስታውሳል፣ ሳቁን ግን አያስታውሰውም። ሰው በሰው ላይ የሳቀበትን ቀን አይረሳም ይባል ይሆናል፤ አሞጽ ግን ጥርት አድርጎ ረስቶት ነበር።

ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ አዳራሹ ውስጥ ዘጠኝ ሰው ተቀመጠ። አቶ ደጉ ስብሰባውን የከፈቱት ስለ ልማት በማውራት ነው፤ ከልማት ወደ ኪራይ ሰብሳቢነት፣ ከኪራይ ሰብሳቢነት ወደ ናፍጣ ለመድረስ ሃያ ደቂቃ ፈጀባቸው። ከዚያ በትሕትና ዞር ብለው «ጋሽ ሀብተ ማርያም፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፤ መጀመሪያ ግለ ሂስ ቢያወርዱ ለእርስዎም ይቀልዎታል» አሏቸው።

«ግለ ሂስ የለኝም» አሉ ጋሽ ሀብተ ማርያም። «ያለኝ ሳል ነው።»

አሞጽ ተነሣ። ሞተሩን ከፒስተኑ ጀምሮ አስረዳ፤ ስለታመቀ አየር ሲናገር የምሥራች ወለሉን አየች። ስለ ፖምፓው አስረዳ። ሰዎቹ በአክብሮት አንገታቸውን እየነቀነቁ አዳመጡት፤ ማንም እንዳልገባው ያወቀው በዚህ ነው። በርሜል ቀን እየተነፈሰ ማታ ይስባል ሲል ግን ነቃ አሉ።

«ኢንጂነር» አሉ አቶ ደጉ፣ «አጎትህን መውደድህን እንረዳለን። ግን በርሜል ይተነፍሳል ብለን ቃለ ጉባኤ ላይ ልናሰፍር ነው?»

«ቢሰፍርም ባይሰፍርም ይተነፍሳል።»

«ዴሞክራሲያዊ አሠራር ይኑረን። በርሜል ይተነፍሳል የምትሉ እጃችሁን አውጡ።»

ማንም እጁን አላወጣም። የምሥራች አወጣች ከተባለ አወጣች፤ እጇ ግን ራሷ ላይ ሲደርስ ፀጉሯን አስተካክሎ ተመለሰ። በዚህ መሃል ቆርቆሮው ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ አንድ ላይ ዝናብ ወረደ፤ የነሐሴ ዝናብ፣ ስህተቱን ያረመ። አሞጽ ከአቶ ደጉ ጠረጴዛ ላይ የማህተሙን ቀለም ጠርሙስ አነሳና «አንድ ጊዜ ወደ ውጭ እንውጣ» አለ። አቶ ደጉ የተከተሉት ሳይንሱን ብለው አልነበረም፤ ማህተም የሚነካ ነገር ከእጃቸው ሲወጣ ዝም ብለው አያዩም።

በርሜል ቁጥር አራት ውስጥ የቀረው ናፍጣ ሃያ ሊትር ያህል ነው፤ ቀሪው አየር ነው፤ አየሩም ጠዋቱን ሙሉ በፀሐይ ሲግል ውሏል። አሞጽ በፊታቸው የጎማ ቱቦ ወደ ታች ሰደደ፣ ውሃውን ከግርጌው ጥርግ አድርጎ ቀዳ፣ የመጨረሻዋን ብርጭቆ ንጹሕ ናፍጣ አሳያቸውና ክዳኗን ጥብቅ አድርጎ አሰረ። አናቱ ላይ ዝናብ መጠራቀም ሲጀምር ሐምራዊውን ቀለም አፈሰሰበት። ሰዎቹ በቆርቆሮው ጥግ ሥር ተደርድረው አንድ በርሜል ተመለከቱ። ጥቂት ቆይቶ በክዳኗ ዙሪያ ሐምራዊ አረፋ ታየ፣ ጠፋ፣ ታየ፤ በዝናቡ ድምፅ ውስጥ ሽማግሌ ሾርባ ሲምግ የሚመስል ሲጢጥታ ተሰማ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አሞጽ ጎማውን መልሶ ሰደደና በአፉ ሳበ። ከዚያ ቀን በፊት ናፍጣ በአፉ ስቦ አያውቅም፤ መቼ ማቆም እንዳለበት አልተማረም። እያሳለ፣ ዓይኑ እያነባ፣ ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ አነሳው። ከታች አንድ ጣት የሚሆን ሐምራዊ ውሃ ተደላድሎ ተቀምጧል፤ በመንግሥት ቀለም የተረጋገጠ።

አቶ ደጉ አገጫቸውን አከኩ። «ስለዚህ» አሉ በመጨረሻ፣ «ጥፋቱ የሹፌሩ ሳይሆን በርሜሎቹን ያቆመው ሰው ነው።»

«አዎ። ያቆምኳቸው እኔ ነኝ» አለ አሞጽ። ከዚያ፣ እውነቱን ከጀመረ አይቀር ሁሉንም ሊናገር ፈልጎ፣ ናፍጣ ናፍጣ የሚል አፉን ጠረገና ቀጠለ። «ጋሼ እንዲያውም አስጠንቅቀው ነበር። እጃቸውን አውጥተው በርሜል ይተኛል ብለዋል። የሳቅኩባቸው እኔ ነኝ።»

አዳራሽ ተመልሰው ሲገቡ የአቶ ደጉ ፊት በርቶ ነበር። መውጫ የጠፋበት ሰው በር ሲከፈትለት እንዲህ ነው የሚሆነው። ዋንጫው የተሸለመው በቆሙ በርሜሎች ነው፤ ሐሙስ ደግሞ ከሌላ ዞን ልምድ ለመቅሰም እንግዶች ሊጎበኟቸው ይመጣሉ። ሥልጠናው ስህተት ነበር ቢባል ዋንጫው ስህተት ነው፤ ዋንጫው ስህተት ከሆነ ሪፖርቱ፣ ሪፖርቱ ስህተት ከሆነ ደግሞ ወዴት እንደሚደርስ አይታወቅም። አቶ ደጉ ስለዚህ የምሥራችን ቃለ ጉባኤውን በቃል አጻፏት፤ አንድም ጊዜ አልተደናቀፉም። ኢንጂነር አሞጽ የበርሜልን መተንፈስ የማያውቅ በመሆኑ ጥፋት ሳይሆን የግንዛቤ ክፍተት ታይቶበታል፤ ክፍተቱን የሚሞላ ሥልጠና አዲስ አበባ ሄዶ እንዲወስድ። ሹፌር ሀብተ ማርያም ግን የበርሜልን መተንፈስ እያወቁ ለሚመለከተው አካል በጽሑፍ ባለማሳወቃቸው ጥፋተኛ ናቸው፤ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷቸው ከሹፌርነት እንዲነሱ። ጡረታቸው ግን አይነካም፤ ወደ ፖሊስም አይኬድም። እጅ ይውጣ ተባለ። ሁሉም አወጣ።

ጋሽ ሀብተ ማርያም ተነሥተው ጠረጴዛው ላይ የመኪናዋን ቁልፍ አስቀመጡ። ዕድሜው የማይታወቅ የቆዳ ክር ታስሮበታል፤ ክሩን ፈቱና ኪሳቸው ከተቱ፤ ቁልፉን ለመንግሥት ተዉለት። ፈረሙ። ወረቀቱ ወደ አሞጽ ዞረ፤ ያለ ባለሙያው ፊርማ ጉዳዩ አይዘጋም።

«አልፈርምም» አለ አሞጽ።

«ፈርም» አሉት አጎቱ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ያወቀውን ቀጥቶ ያላወቀውን የሚሸልም ነው።»

ጋሽ ሀብተ ማርያም ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው በካፋ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ ተናገሩ፤ እንዲህ የሚያወሩት እትዬ በዛወርቅ እንዳይሰሙባቸው ሲፈልጉ ብቻ ነው። ካልፈረምክ ፋይሉ ክፍት ይሆናል፣ ክፍት ፋይል ደግሞ ፖሊስ ጣቢያ ነው የሚያድረው፤ እኔ ሰባት ወር ነው የቀረኝ፣ አንተ እውነት ለመናገር ዕድሜ ልክህ አለህ አሉት። አሞጽ ፈረመ። የቻይና መምህሮቹ እጁን የተማረ ሰው እጅ ነው ይሉት ነበር፤ ፊርማው እንደ ሁልጊዜው ቆንጆ ሆኖ ወጣ።

አቶ ደጉ ስብሰባውን ሲዘጉ «በርሜሎቹን በተመለከተ» አሉ፣ «እስከ ሐሙስ ይቁሙ። ጉብኝቱ ካለፈ በኋላ ይታሰብበታል።»

አሞጽ ጃኬቱን አወለቀ፣ ከነፓስፖርቱ ወንበሩ ላይ ጣለው፣ በዝናቡ ወጣ። በርሜል ቁጥር አራትን አቅፎ ገፋው፤ ቀላል ስለነበር ወደቀለት። ቁጥር ሦስት ሙሉ ነው፤ ሁለት መቶ ሊትር ናፍጣ ለተማረ ሰው ገላ አይታዘዝም። ገፋው፣ አቃሰተ፣ ተንሸራትቶ በጉልበቱ ጭቃ ላይ ወደቀ። ከመስኮቱ አቶ ደጉ «ኢንጂነር፣ ሐሙስ እኮ አልኩ» ብለው ተጣሩ። አንድ ሰው ሳቀ። ቦት ጫማ ከኋላው ጭቃውን እያንቦጨቀ መጣ።

«እንደሱ ብትገፋው ወገብህን ይሰብርሃል» አሉ ጋሽ ሀብተ ማርያም። «መጀመሪያ ወደ ራስህ ሳበው። ራሱ ክብደቱ ይዞት ይምጣ።» ሁለት ግንድ ከመጋዘኑ ኋላ ጎትተው አመጡ፤ ለዘጠኝ ወር ማንም ያልነካቸውን። አሞጽ ሳበው። በርሜሉ ከንፈሩ ላይ ቆመ፣ ሚዛኑን ጠበቀ፣ ከዚያ እንደ ደከመ በሬ ቀስ ብሎ በጎኑ ተጋደመ። አሞጽ ግንዱ ላይ አንከባለለውና ክዳኖቹን አንዱን ወደ ሰማይ፣ አንዱን ወደ ምድር አድርጎ ተወው፤ እጁንም አራገፈ።

«እንደሱ አይደለም» አሉት። «ሁለቱም ክዳን ግራና ቀኝ ትክክል ይሁን። ናፍጣው ከውስጥ ይሸፍናቸዋል። ናፍጣ የሸፈነው ክዳን አየርም ውሃም አይስብም።»

አሞጽ በርሜሉን ሩብ ዙር አዞረው። አጎቱ ጎንበስ ብለው አዩ፣ በጣታቸው ጥቂት መለሱት፣ «አሁን» አሉ፣ ወደ ቁጥር ሁለትም አለፉ። ከመስኮቱ ማዶ ወንበሮቹ ባዶ እየሆኑ ነው፤ ሰው ጃንጥላውን እየዘረጋ በሌላኛው በር ይወጣል። አሞጽ እስኪጠሩት ቆሞ ጠበቀ። ምስክር ወረቀት የማይሰጥበት ሥልጠና ሲወስድ በዕድሜው ይህ የመጀመሪያው ነበር።